ፕላዝሞኑ አልታዘዝ ሲል፦ በብረት ገጽ ላይ ብርሃንን የመምራት ችግርና መፍትሄ

በስስ የወርቅ ሽፋን ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ቀርጸን ሌዘር ስናበራባቸው፣ ከብርሃኑ የተወሰነው የብረቱን ገጽ ይዞ ይጓዛል። ይህ ሞገድ ፕላዝሞን ይባላል። ስንጥቆቹን በሁለት ዓምድ ደርድረን የአንዱን ዓምድ ስንጥቆች ከሌላው ጋር በ90 ዲግሪ ብናዞራቸው፣ ክብ ፖላራይዜሽን ያለው (የኤሌክትሪክ መስኩ እየዞረ የሚጓዝ) ብርሃን ሞገዱን ወደ አንድ ጎን ብቻ ይልካል። የፖላራይዜሽኑን መዞሪያ ስንገለብጥ ጎኑም ይገለበጣል። ይህ በ2013 በሙከራ ታይቷል። አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ናሙናውን ይጥላል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ብርሃኑን መርምሩ።

ሞገዱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ይሄዳል

አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ላይ የደረሰው ብርሃን ክብ አይደለም። ዓምዶቹ የሚራራቁት በፕላዝሞኑ የሞገድ ርዝመት ሩብ ነው፤ ይህ ርቀት ሞገዱን በሩብ ዑደት ያዘገየዋል። ክብ ብርሃን ደግሞ በሁለቱ ስንጥቆች መካከል የራሱን የሩብ ዑደት መዘግየት ያመጣል። በአንዱ ጎን ሁለቱ መዘግየቶች ይካካሳሉ፤ ሞገዶቹ ይደጋገፋሉ። በሌላው ጎን ተደምረው ግማሽ ዑደት ይሆናሉ፤ ሞገዶቹ ይጠፋፋሉ። በጣም የሚያምር ነገር ነው! ብርሃኑ ቀጥታ ፖላራይዜሽን ካለው (መስኩ በአንድ መስመር ብቻ ከተወዛወዘ) ግን የእሱ ድርሻ ስለሚጎድል ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ።

ናሙናውን አንሡና በቦታው ፖላራይዘር (በአንድ መስመር የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና የኃይል መለኪያ አድርጉ። ፖላራይዘሩን ስታዞሩ ንባቡ ከፍ ዝቅ ካለ ብርሃኑ ክብ አይደለም። የኳርተር ዌቭ ፕሌቱን (ቀጥታውን ፖላራይዜሽን ወደ ክብ የሚቀይረውን ስስ ሰሌዳ) ዘንግ ከመጪው ፖላራይዜሽን በ45 ዲግሪ አስተካክሉ። ከፕሌቱ በኋላ መስታወት ካለም አንሡት፤ ሰያፍ ነጸብራቅ ክቡን ሞላላ ያደርገዋል። እኔን ብዙ ቀን ያደከመኝ ይሄ ነው።

መዞሪያውን ብገለብጥም ያው አንዱ ጎን ይበረታል

ናሙናውን 180 ዲግሪ አዙሩ። ብርቱው ጎን ከናሙናው ጋር ካልዞረ፣ ጨረሩ ዘንበል ብሏል፤ ቀጥ አድርጉት። አብሮ ከዞረ ጥፋቱ ከቅርጹ ነው።

አቅጣጫው ልክ ነው፣ ሞገዱ ግን ደካማ ነው

የዓምዶቹን ርቀት በአየር የሞገድ ርዝመት አስልታችሁ ይሆናል። የ633 ናኖሜትር ሌዘር በወርቅና በአየር ድንበር ላይ ወደ 605 ገደማ ያጥራል። የዓምድ ጥንዶቹ ተደጋግመው በበዙ ቁጥር ስህተቱ ይጠራቀማል።

ሞገዱ ቶሎ ይሞታል

አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ወርቅ ራሱ ይውጠዋል፤ ወደ ቀይ ሂዱ። ወርቁን ከመስታወቱ ጋር የሚያጣብቀው የክሮምየም ሽፋንም ኃይል ይበላል፤ በተቻለ መጠን አሳሱት። ብር ከወርቅ ይልቅ ሞገዱን ያርቃል፣ ግን አየር ላይ ሲቆይ ይጠቁራል።