ጀበና ሲገለበጥ መጀመሪያ ውሃ

ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ከሰሉ፣ ጀበናውና ልጆቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ቡና ተጠርተን፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ትንሹ ልጅ ጀበናውን ክንዱ ላይ ገለበጠው። አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ ቅቤ ልታመጣ ሮጠች። እባካችሁ ሁለቱንም ተዉት። ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጡታል። ሊጥና እንቁላልም ያው ናቸው።

የሚያስፈልገው ውሃ ነው። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ልጅ እያለቀሰ 20 ደቂቃ በጣም ይረዝማል፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን ሰዓት አይታችሁ ቁጠሩ። ውሃ ከጠፋ ከጄሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። በረዶ አይሆንም፣ ቆዳውን ይጎዳል። የኛ ከተማ ብርድ ደግሞ ይታወቃል። የተቃጠለውን ቦታ ብቻ እያቀዘቀዛችሁ ሌላውን ገላ በጋቢ ሸፍኑት።

አምባርና ቀለበት ካለ ሳያብጥ ቶሎ ይውለቅ። ልብሱ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ ግን አትጎትቱት። ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡት። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን ነው።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።