ማስታገሻው ሕመሙን ሲያባብስ

ፋርማሲስት ነኝ። ራስ ምታት አልለቅ ብሎት ማስታገሻ የሚፈልገውን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው «በወር ስንት ቀን ይወስዳሉ?» ብዬ ነው። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴን የተባለው ጠንከር ያለ ማስታገሻ የተቀላቀለበት ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ይህም ከ3 ወር ካለፈ ማስታገሻው ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

የወሰዳችሁበትን ቀን ሁሉ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። የማሸጊያውን ጀርባም አንብቡ፤ ስማቸው የተለያየ ሁለት እሽጎች ውስጥ ያው ፓራሲታሞል ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጉበት የሚጎዳው እንዲህ ሲደራረብ ነው።

ተራውን ማስታገሻ በአንዴ ማቆም ይቻላል፤ ኮዴን ያለበትን ግን ያለ ሐኪም አታቋርጡ። ስታቆሙ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ሕመሙ ይብሳል፣ እንቅልፍም ይነሳል። እባካችሁ ታገሡት፣ ያልፋል። ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳትና አንገት ማጠፍ ማቃት፣ ወይም የእጅና የእግር መስነፍ ከመጣ ግን ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።