ሹራብ ለመሥራት ልክ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ክረምት ሲገባ የሹራብ ትእዛዝ ይበዛል። ደንበኛው ዝናብ ሸሽቶ ይገባና ጃኬቱን ሳያወልቅ «በይ ቶሎ ለኪኝ» ይላል። እሺ አትበሉት። በጃኬት ላይ የተወሰደ ልክ የጃኬቱ እንጂ የሰውየው አይደለም፤ በስስ ሸሚዝ ወይም በካናቴራ ይለካ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ደረት ላይ ነው። ሜትሩ በብብት ሥር አልፎ ሰፊውን የደረት ክፍል መዞር ሲገባው፣ ከጀርባ በኩል ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከፊት የቆመ ለኪ ደግሞ ይህን አያይም። ዞር ብላችሁ እዩት። ተለኪው እጁን አውርዶ እንደ ወትሮው ይተንፍስ። ራስን በራስ መለካትም ክንድን ስለሚያስነሣ ቁጥሩን ያዛባል።

ከሁሉ የሚብሰው የተገኘውን ቁጥር እንዳለ ሹራብ ማድረግ ነው። ደረቱ 96 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 96 ሴንቲ ሜትር ሹራብ ከሠራችሁለት ገላው ላይ ይጣበቃል። ከሸሚዝ በላይ ለሚለብሰው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩለት። በኅዳር ማለዳ ቡና ለቀማ ሲወጣ ልብስ ደርቦ የሚለብሰው ከሆነ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ «ከምን በላይ ነው የምትለብሰው?» ብሎ መጠየቅ የልኬቱ አንድ ክፍል ነው።

እጅጌ ክንድ ተዘርግቶ ከተለካ ያጥራል፤ ክርን ትንሽ ይታጠፍ። ትከሻ በጀርባ በኩል ከአጥንት እስከ አጥንት ይለካል። የትከሻው ስፌት ወደ ክንድ ወርዶ የሚሠራ ከሆነ የወረደው ያህል ከእጅጌው ይቀነሳል። ለልጆች ደግሞ የጭንቅላት ዙሪያ አይረሳ፤ አንገቱ ጠቦ ጭንቅላት የማያስገባ ሹራብ ስንት ሕፃን አስለቅሷል!

ሹራቡን ከመጀመር በፊት በዚያው ክር ትንሽ ቁራጭ፣ ማለትም ናሙና፣ መሥራት የሚሰለቻቸው አሉ። በ10 ሴንቲ ሜትር ወርድ 20 ቀለበት (በመርፌው ላይ የሚያዝ የክር ዙር) ይገባል ብላችሁ ለ100 ሴንቲ ሜትር 200 ቀለበት ብትጀምሩ፣ እጃችሁ ጠበቅ የሚያደርግ ሆኖ 22 ከገባ፣ ሹራቡ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል። ወርዱም ቁመቱም 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሠርታችሁ እጠቡት፤ ሲደርቅ መሃሉን ለኩ። በሐምሌ እስኪደርቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን እርጥቡን አትለኩት።

ሜትሩም ይጠርጠር። ያረጀ የጨርቅ ሜትር ይለጠጣልና ከማስመሪያ ጎን አስተያዩት፤ ከተለያዩ ጣሉት።