የድሮ ካሴት በኤችዲ ቲቪ ላይ ሲበላሽ ያስተካከልኩት እንዲህ ነው

የቤተሰባችን የቪኤችኤስ ካሴቶች በአዲሱ ቲቪ ላይ ሲታዩ የሰው ፊት ሁሉ ሰፍቶና ደብዝዞ ነበር። ሰው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይተለተላል። አሁን ተስተካክሏል።

መጀመሪያ ቅርጹ። ካሴቶቹ የተቀረጹት በ4:3 (የምስሉ ወርድ ከቁመቱ ጋር ያለው ምጣኔ) ነው፤ ቲቪው 16:9 ስለሆነ ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ሴቲንግ ገብቼ 4:3 መረጥኩ። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ይሁን። ሰው የራሱን መልክ ይዞ ቢታይ ይሻላል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሻርፕነስ፣ ማለትም የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላው ሴቲንግ፣ ነው። ቪኤችኤስ የሚይዘው ዝርዝር በአግድም 240 መስመር ገደማ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ 1920 በ1080 ፒክስል። ሻርፕነስ የሌለውን ዝርዝር ከየትም አያመጣም። ጠርዞችን በነጭ መስመር ይከባል፣ የካሴቱንም ብናኝ ያጎላዋል። ወደ ዜሮ አወረድኩት፣ የምስል ሞዱንም ከቪቪድ ወደ ሙቪ ቀየርኩ። በእናቴ ፀጉር ዙሪያ የነበረው ነጭ ጥላ ወዲያው ጠፋ። ደስ ሲል!

ማበጠሪያው የመጣው ከኢንተርሌስ ነው። ካሴቱ እያንዳንዱን ፍሬም አንድ አንድ መስመር እየዘለለ በሁለት ግማሽ ይልካል። በማጫወቻውና በቲቪው መሃል የነበረችው ርካሽ ኮንቨርተር (የምስል ምልክት መለወጫ) ግማሾቹን በደንብ አታዋህዳቸውም ነበር። እሷን አውጥቼ ገመዱን በቀጥታ ቲቪው ላይ ሰካሁት፤ ቲቪው ራሱ በደንብ አዋሃዳቸው።

ማጫወቻችሁ የኤስ ቪዲዮ መውጫ ካለው በእሱ ተጠቀሙ። ብርሃንና ቀለምን ለየብቻ ስለሚልክ ጠርዝ ላይ የሚርመሰመሱት ነጠብጣቦች ይቀንሳሉ።