ጃካርታ ላይ ሙዚየሙን ከእስር ክፍሎቹ ጀምሩ

ጃካርታ የምትሄዱ ከሆነ፣ በአሮጌው ከተማ የሚገኘውን የከተማዋን ታሪክ ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1710 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ በሆላንዶች ዘመን የባታቪያ (ጃካርታ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) ማዘጋጃ ቤት ነበር፤ ሙዚየም የሆነው በ1974 ነው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ በሌላ ቀን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ሂዱ። ከጃካርታ ኮታ ባቡር ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው።

ብዙ ጎብኚ በቀጥታ ወደ ፎቅ ይወጣና የድሮ ቁም ሣጥንና ወንበር ሲያይ ይደክመዋል። እናንተ ግን መጀመሪያ ከሕንፃው ሥር ያሉትን የእስር ክፍሎች እዩ፤ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነውና ጎንበስ በሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ፍርድ ቤትም ስለነበር፣ ያኔ ፍርዱ ከላይ ይሰጥ፣ እስረኛው ከታች ይማቅቅ ነበር። ሆላንዶችን የተዋጋው የጃቫው ልዑል ዲፖኔጎሮ ግን በ1830 ወደ ግዞት ከመላኩ በፊት የታሰረው በላይኛው ፎቅ ስለሆነ፣ የእርሱን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት።