ስልክዎ ሞልቷል? ፎቶ ሳይጠፋ ቦታ የማስለቀቂያ መንገድ

«ማከማቻው ሊሞላ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ በማይመች ሰዓት ነው። ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ካሜራው አልቀርጽም ይላል፣ ከባንክ የተላከ ደረሰኝ አልወርድም ይላል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የፎቶ ማኅደሩን ከፍቶ እጁ የደረሰበትን ሁሉ መሰረዝ ይጀምራል፤ እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሆኖም ቦታውን የያዙት በአብዛኛው ፎቶዎቹ አይደሉም። እነርሱ ሆነው ሲገኙም መጀመሪያ አስተማማኝ ወደሆነ ቦታ መዛወር አለባቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል የተሰጠውም «አስተማማኝ» ለሚለው ቃል ነው፤ ምክንያቱም እኔ በዚያ ላይ ከባድ ዋጋ ከፍያለሁ። የምናገረው ስለ አንድሮይድ ስልኮች ነው። የአይፎን ባለቤቶች የሚሞሪ ካርዱን ክፍል ሊያልፉት ይችላሉ፤ አይፎን የሚሞሪ ማስገቢያ የለውም።

መጀመሪያ፦ ቦታውን ማን እንደያዘው ማየት

ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ስቶሬጅ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ስልክዎ በአማርኛ የተስተካከለ ከሆነ «ቅንብሮች»፣ ከዚያም «ማከማቻ» የሚል ያገኛሉ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ መተግበሪያና ሲስተም እያንዳንዳቸው ስንት ጊጋ እንደያዙ ተዘርዝሮ ይታያል። ሲስተም የሚለው የስልኩ የራሱ ድርሻ ስለሆነ የሚነካ አይደለም፤ 32 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ስልክ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ 32 ጊጋ ባዶ ቦታ የማይኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ የመተግበሪያዎቹን ዝርዝር በመጠን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። የዘመድና የጎረቤት ስልክ እየተሰጠኝ ስመለከት፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ የማገኘው በአብዛኛው ቴሌግራምን ነው።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ

በአንድ ቻናል ላይ የተለቀቀ ፊልም፣ መዝሙር ወይም የፈተና ወረቀት ሲከፍቱ ቴሌግራም በስልክዎ ላይ አንድ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እርስዎ ቻናሉን ከረሱት በኋላ እንኳ ቅጂው ተቀምጦ ይቆያል። ደግነቱ ዋናው ፋይል ያለው በቴሌግራም ሰርቨር (በኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ ስለሆነ፣ የስልኩን ቅጂ ማጥፋት መልእክቱን አያጠፋውም። ሲያስፈልግዎ ዳግመኛ ያወርዱታል፤ ኪሳራዎ የኢንተርኔቱ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ነው፤ በሰርቨር ላይ ስለማይቀመጥ በውስጡ የሚፈልጉት ነገር ካለ አስቀድመው ያውጡት።

በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ይክፈቱ። ቪዲዮው፣ ፎቶውና ሰነዱ ስንት እንደያዘ በክብ ሥዕል ያሳይዎታል፤ እንዲቆይ ከሚፈልጉት ላይ ምልክቱን አንሥተው የቀረውን «ክሊር ካሽ» በሚለው ያጥፉ። ከገጹ ሳይወጡ የቻናሎችና የግሩፖች ፋይል ከ1 ሳምንት በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ያዙት። ፎቶና ቪዲዮ ሳያዙት እንዳይወርድም «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» የሚለውን፣ በተለይ በሞባይል ዳታ ሲሆን፣ ይዝጉት፤ ለጥቅልዎም ይበጃል።

ይህን ሥራ በመተግበሪያው ውስጥ ሳይሆን በስልኩ ሴቲንግ በኩል የሚያደርጉ ሰዎች ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በዚያ በኩል ሁለት ምርጫ ጎን ለጎን ይቀርባል፤ አንደኛው «መሸጎጫ አጽዳ»፣ ሌላኛው «ውሂብ አጽዳ» ወይም «ማከማቻ አጽዳ» ይላል። የመጀመሪያው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን መተግበሪያውን ዛሬ እንደተጫነ ያደርገዋል፤ ቴሌግራም ስልክ ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃል፣ በዋትስአፕ ላይ ደግሞ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያልተደረገለት ውይይት ሁሉ ይሄዳል። ቴሌግራሙን የከፈቱበት ሲም ካርድ ዛሬ በእጅዎ ከሌለ፣ ወደዚያ ምርጫ ባይጠጉ ይሻላል።

የዋትስአፕ ጠባይ ከቴሌግራም የተለየ ነው። መልእክቱ ለተቀባዩ ከደረሰ በኋላ በሰርቨሩ ላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ከስልክዎ የሰረዙት ፎቶ፣ ባክአፕ ከሌለዎት፣ ላኪው ዳግመኛ ካልላከው በቀር አይመለስም። «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ «ማኔጅ ስቶሬጅ» የሚለው ገጽ ከ5 ሜጋባይት የሚበልጡትንና ብዙ ጊዜ ሲዘዋወሩ የኖሩትን ለይቶ ያሳያል፤ የመልካም በዓል ቪዲዮዎች ሁሉ እዚያ ተኮልኩለው ያገኟቸዋል። እነርሱን ያለ ሐሳብ ማጥፋት ይቻላል።

ስልክ እናጸዳለን፣ እናፈጥናለን የሚሉ መተግበሪያዎችን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አልጭናቸውም። የሚሠሩትን ሥራ ስልኩ ራሱ ይሠራዋል፣ እነርሱ የሚጨምሩት ማስታወቂያ ነው።

ፎቶዎቹን ማዛወር

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቦታ ካልተገኘ ወደ ፎቶና ቪዲዮ እንሄዳለን። ጉግል ፎቶ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ሲሆን፣ እርሱንም ከጂሜይልና ከጉግል ድራይቭ ጋር ይካፈለዋል። ለፎቶ ይበቃል፤ ቪዲዮን በሞባይል ዳታ ወደዚያ መጫን ግን ለኪስ ይከብዳል። ፎቶውን በቴሌግራም ለራሳቸው ልከው «ተቀምጧል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ተቀንሶ እንደሚቀመጥ ግን አይገነዘቡም። ይህን መንገድ የሚመርጡ ከሆነ «ፋይል» በሚለው አማራጭ ይላኩት። እኔ የምመርጠው ላፕቶፕን ወይም ሀርድ ዲስክን ነው።

ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ፣ የስልኩን ቁልፍ ይክፈቱ፣ ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ ወደ ታች ስበው «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ይምረጡ። ምርጫው ካልመጣ ስልኩን ሳይሆን ገመዱን ይጠርጥሩ፤ በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ ኃይል የሚያስተላልፍ ሽቦ እንጂ ዳታ የሚያስተላልፍ ሽቦ የላቸውም። በካሜራ ያነሡት ሁሉ «ዲሲአይኤም» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ይገኛል። «ኮፒ» ያድርጉት፤ «ከት» አያድርጉ፤ ገመዱ ቢነቃነቅ ወይም መብራት ቢሄድ ፋይሉ መሀል መንገድ ላይ እንዳይቀር።

ሚሞሪ ካርድ ለሚጠቀሙ

ልጄ ክርስትና በተነሣበት ሳምንት ስልኬ ሞላብኝ። ከአንድ ሱቅ 64 ጊጋ የተጻፈበት ሚሞሪ ገዛሁ፤ ዋጋው ከሌላው ቦታ ግማሽ ያህል ነበርና ያኔ መጠርጠር ይገባኝ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ሳየው 59 ጊጋ ብሎ አሳየኝ፣ ተደሰትሁ። ወደ 20 ጊጋ የሚሆን ፎቶና ቪዲዮ ከድሮው ጀምሬ በተራ ገለበጥሁበት፤ የፋይሎቹ ስም አንድም ሳይጎድል ተደርድሮ ታየ፤ የስልኩን አጠፋሁ። ከአንድ ወር በላይ ካለፈ በኋላ አማቴ መጡና «ልጄ፣ እስቲ ቄሱ ሲያጠምቁት ያለውን አሳየኝ» አሉኝ። ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ያንን ፎቶ ስጫን አልከፍትም አለ፤ ቀጣዩም፣ ከዚያ ቀጣዩም እንዲሁ። ወደ ኋላ እየሄድሁ ስሞክር አንድ የዓመት በፊት ፎቶ ተከፈተልኝ። የባለቤቴ ግንባርና ዓይኖቿ ይታያሉ፤ ከአፍንጫዋ በታች ያለው የፎቶው ግማሽ ግን ድፍን ግራጫ ነው። ከዚያ ፎቶ በፊት የተገለበጠው ሁሉ ደህና ነበር። ከእርሱ በኋላ የተገለበጠው፣ ክርስትናውን ጨምሮ፣ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። የተረፈኝን ስደምረው 8 ጊጋ አልሞላም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቺፕ እና ለስልኩ «መጠኔ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚናገር አነስተኛ ተቆጣጣሪ አለ። ፎርጅዱን የሚሠሩ ሰዎች የ8 ጊጋ ቺፕ ያለበትን ካርድ ተቆጣጣሪ «64 ነኝ» እንዲል አድርገው ያዘጋጁታል፤ ስልኩም ላፕቶፑም የተነገራቸውን ያምናሉ። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ካርዱ «ሞልቻለሁ» አይልም፤ የሚመጣውን እየተቀበለ ይጥለዋል፣ ወይም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በቀድሞው ላይ ይጽፍበታል። የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚመዘገበው ግን በካርዱ መጀመሪያ አካባቢ፣ በእውነተኛው ቦታ ላይ በመሆኑ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ፎርማት ማድረግ ይህንን አይለውጠውም። የ59ኙ ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም፤ አምራቾች 1 ጊጋ የሚሉት 1,000,000,000 ባይት ሲሆን ዊንዶውስ ግን በ1,073,741,824 ባይት ስለሚቆጥር፣ ትክክለኛ የ64 ጊጋ ካርድም 59 ተኩል ያህል ሆኖ ይታያል። ፎርጅዱም ይህንኑ ቁጥር ያሳያል።

ስለዚህ አዲስ ካርድም ሆነ ፍላሽ ከገዙ፣ አንድም ፎቶ ሳያስገቡበት ይፈትኑት። በዊንዶውስ ላይ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊዩ የሚባል፣ አንድ የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት በነፃ ያወጣው አነስተኛ ፕሮግራም አለ። ባዶውን ካርድ እስኪሞላ ድረስ በሚታወቅ መረጃ ይሞላዋል፤ ከዚያ መልሶ እያነበበ የጻፈውን ማግኘቱን ያረጋግጣል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ ካርድ ላይ 64 ጊጋ መሙላቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፣ ንባቡ ሌላ ነው። እኔ ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ።

ፕሮግራሙን ማግኘት ካልቻሉ በእጅ መሥራት ይቻላል። አንድ ትልቅ ፊልም ወስደው ስሙን እየለወጡ ካርዱ እስኪሞላ ድረስ ደጋግመው ይገልብጡት። ከዚያ ካርዱን በሥርዓት አውጥተው እንደገና ይሰኩት፤ ይህን እርምጃ አይዝለሉት፤ ካርዱ ካልወጣ ኮምፒውተሩ በራሱ ሜሞሪ የያዘውን ሊያሳይዎትና ሊሸነግልዎት ይችላል። አሁን የመጀመሪያውን ቅጂ፣ ከመሀል ሁለት ሦስቱን፣ የመጨረሻውንም ከፍተው እስከ መጨረሻው ደቂቃቸው ያሳልፏቸው። አንዱ እንኳ ከተደናቀፈ ካርዱን በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ይመልሱት። «በ8 ጊጋው ብቻ ልጠቀምበት» የሚል ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ግን ስለ መጠኑ የዋሸ ካርድ ስለ ሌላው ነገሩ እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም።

ካርዱ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ስልኩ ውስጥ ሲያስገቡት አንዳንድ ስልኮች እንደ ውስጣዊ ማከማቻ ይጠቀሙበት እንደሆነ ይጠይቃሉ። አይቀበሉ። በዚያ መልክ የተዘጋጀ ካርድ ለዚያ ስልክ ብቻ ስለሚመሰጠር፣ ስልኩ ቢበላሽ በሌላ ስልክም በላፕቶፕም አይነበብም። 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 4 ጊጋ የሚደርስ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበሉም፤ ረጅም የሠርግ ቪዲዮ «አልገባም» ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መሰረዝ

ከስልኩ ከማጥፋትዎ በፊት የፎቶዎቹን ብዛት በስልኩና በላፕቶፑ ያስተያዩ፤ ከዚያ ከድሮዎቹ፣ ከመሀሉና ከመጨረሻዎቹ የተወሰኑትን በአዲሱ ቦታቸው ላይ ሆነው፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ይክፈቱ። የማይተኩት ዓይነት ከሆኑ ሁለት ቦታ ይኑሩ።

ጉግል ፎቶን የሚጠቀሙ ሰዎች በዚህ እርምጃ ብዙ ይሳሳታሉ። በመተግበሪያው ውስጥ አንድን ፎቶ መርጠው ቢሰርዙት ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ይጠፋል። ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ ከሆነ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ይጫኑ፤ እርሱ ባክአፕ የተደረጉትን ብቻ ለይቶ የስልኩን ቅጂ ያነሣል። በስሕተት የተሰረዘ ፎቶ ባክአፕ ተደርጎ ከነበረ ለ60 ቀን፣ ካልነበረ ለ30 ቀን በመጣያው ውስጥ ይቆያል።

ሰርዘው ሲያበቁ ቦታው ካልጨመረ የሰረዙት ገና በመጣያው ውስጥ ስላለ ነው። እኔ መጀመሪያ ቪዲዮዎቹን ብቻ ከመጣያው አጠፋለሁ፤ ካሜራው በከፍተኛ ጥራት ከተስተካከለ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ የብዙ ፎቶዎችን ቦታ ስለሚይዝ ከዚያው ብቻ በቂ ቦታ ይገኛል። ፎቶዎቹን ቀናቸው እስኪደርስ እዚያው እተዋቸዋለሁ። በመጨረሻ ስልኩን አጥፍተው ያብሩትና ወደ ስቶሬጅ ገጹ ይመለሱ፤ ከ10 እጅ 1 እጁ ያህል ባዶ ከሆነ ለጊዜው ይበቃል።