የጥርስ ማጣበቂያ ሬዚን፦ ከሞኖመሮች ጋር የተያያዙና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሄማ (HEMA) የተባለው ሞኖመር (ከሌሎች ጋር ተያይዞ ሰንሰለት የሚሠራ ትንሽ ሞለኪውል) በበዛ ቁጥር ቦንዱ (ሙሌትን ከጥርስ ጋር የሚያጣብቀው ሬዚን) ይሻላል ብሎ ማሰብ። ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ሄማ ትንሽና ውሃ ወዳድ ስለሆነ በአሲድ በተገለጠው የኮላጅን (የጥርሱ ፕሮቲን) መረብ ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ውሃንና ውሃ ጠል ሞኖመሮችንም ሳይለያዩ ያቆያል። ነገር ግን ያለው አንድ ድርብ ትስስር ብቻ በመሆኑ የሚሠራው ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር አይቆላለፍም። ከጠጠረ በኋላም ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲቀባ ደግሞ ውሃው እንዳይተን ይይዘዋል፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ሄማ የሌለውን ቦንድ በለስላሳ አየር ማድረቅ። አሟሚው (ሬዚኑን ያቀጠነው ፈሳሽ) ሲተን ውሃው በጠብታ መልክ ከሬዚኑ ይለያል። ጠብታዎቹ በጠንካራ አየር ካልተጠረጉ በንብርብሩ ውስጥ ቀዳዳ ሆነው ይቀራሉ። ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ ይነፋ፤ ከ5 ሰከንድ ባያንስ ጥሩ ነው።

ጥንካሬን ቢስ-ጂኤምኤ (Bis-GMA) ከተባለው ሞኖመር ብቻ መጠበቅ። ግትር ፖሊመር (የሞኖመሮች ሰንሰለት) ይሰጣል፤ ሆኖም እጅግ ወፍራም በመሆኑ ሞለኪውሎቹ ቶሎ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፣ ብዙ ድርብ ትስስርም ሳይጠቀም ይቀራል። ቴግዲኤምኤ (TEGDMA) የተባለው ቀጭን ሞኖመር ያቀጥነዋል፣ መጠጠሩንም ያግዛል። ሲበዛ ግን ሬዚኑ በይበልጥ ይኮማተራል፣ ውሃ መምጠጡም ይጨምራል።

10-ኤምዲፒ (10-MDP) የተባለ አሲዳማ ሞኖመር ላለው ቦንድ ዴንቲኑንም (ከኢናሜል ሥር ያለውን የጥርስ ክፍል) በፎስፎሪክ አሲድ ማከም። የዚህ ሞኖመር ፎስፌት ከካልሲየም ጋር በውሃ የማይፈታ ጨው ይሠራል፤ ባለ 10 ካርቦን ሰንሰለቱም ከውሃ ይጠብቀዋል። አሲዱ ካልሲየሙን አጥቦ ከወሰደው የሚይዘው አያገኝም። ስለዚህ 37 በመቶውን አሲድ ኢናሜሉ (የጥርሱ ውጫዊ ጠንካራ ሽፋን) ላይ ብቻ ለ15 ሰከንድ ያህል ያኑሩ፤ ቦንዱን ግን ዴንቲኑ ላይ ለ20 ሰከንድ እያሹ ይቀቡ። ዝም ብሎ መለቅለቅ አይበቃም።

የአሲድ ሞኖመር ባለው ቦንድ ላይ ያለ ብርሃን በራሱ የሚጠጥር ኮምፖዚት (የጥርስ ሙሌት) መጨመር። አየር የነካው የላይኛው ንብርብር ሳይጠጥር ይቀራል፤ በውስጡ ያለው አሲድ የኮምፖዚቱን አሚን (መጠጠሩን የሚያስጀምረውን ውህድ) ስለሚያከሽፈው መጋጠሚያው ላላ ይላል። አምራቹ ያዘጋጀውን አነቃቂ ይቀላቅሉ፣ ወይም አሲድ የሌለው ውሃ ጠል ሬዚን በመካከል ይደርቡ።

ጓንትን እንደ ሙሉ መከላከያ መቁጠር። ሄማ በደቂቃዎች ውስጥ ላቴክስ ጓንትን አልፎ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል። ጠብታ ከነካዎት ጓንቱን ወዲያው አውልቀው እጅዎን ይታጠቡ።